ልጄን ፊደል እንዳላስቆጥር ስለመታገዴ

የገዛ ልጄን በገዛ ቤቴ ፊደል እንዳላስቆጥር ታግጄ ነበር። ያገደኝ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ቀበሌም አይደለም። ያገዱኝ ባለቤቴና የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ ደግሞ ምስክር ሆና ቆመችላቸው። ምክንያት ነበራቸው ወይ ካላችሁኝ፣ ነበራቸው። ምክንያት ያለው ሰው አይበድልም ያለው ማነው?

ያኔ ቤታችን ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነበር። አካባቢው ገና እየተሠራ ስለነበር ከቤቱ የአሸዋ ክምሩ ይበዛል። እኔ ባጃጅ እነዳለሁ። ከዚያ በፊት ጋሪ ነበር የምነዳው። ሀዋሳ በጋሪ የምትሄድበትን ዘመን የሚያውቅ ሰው እኔን ባያስታውሰኝ እንኳ ፈረሴን አይረሳውም፤ ቀይ፣ ክፉ፣ ሒሳብ ያልከፈለውንም የከፈለውንም እኩል የሚናከስ ፈረስ ነበር። ጋሪ ከአስፋልት ይውጣ ሲባል ፈረሱ ሥራ ፈታ፣ እኔም አብሬው ፈታሁ። ሌላ ነገር ልንዳ ብል መንጃ ፈቃድ አምጣ አሉኝ። መንጃ ፈቃድ ስል የትምህርት ማስረጃ አሉኝ። ፂሜ ሽበት ጀምሮታል፤ ስሜን መጻፍ አልችልም።

ስለዚህ ማታ ማታ መማር ጀመርኩ። ልጄ ያኔ ገና መዳህ መጀመሯ ነበር። እሷ ስትድህ እኔ ሀ ሁ እላለሁ። እሷ ግድግዳ ይዛ ስትቆም እኔ ፊደል ከፊደል አጋጥሜ ቃል አወጣለሁ። እሷ ስትሮጥ እኔ ግን አልሮጥኩም፤ ዛሬም ቢሆን ሳነብ ጣቴን ከመስመሩ ላይ አላነሳም። ያፈርኩበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ጣቴ የራሴ ነው።

ማንበብ የማይችል ሰው ስንት ዘዴ እንዳለው የሚያውቀው ማንበብ የማይችል ሰው ብቻ ነው። እኔ በጋሪው ዘመን ደረት ኪሴ ላይ እስክሪብቶ እሰካ ነበር። ወረቀት ሲሰጠኝ «መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» እላለሁ፤ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ጋዜጣ እዘረጋና ትንሽ ቆይቼ «ያው ነው፣ አዲስ ነገር የለም» ብዬ አጥፌ አስቀምጣለሁ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እንጀራዬን እንዳላጣ እንጂ ሰው ለማታለል አይደለም። የታለለ ካለም ይበለው።

ልጅቷ ስትወለድ አልጋዋን የገዛችው የባለቤቴ እህት ናት። ብርድ ልብሱም የእሷ፣ ጫማውም የእሷ፣ የልደት ኬኩም የእሷ። ፊት ለፊት እትዬ ነው የምላት፣ አንቱም እላታለሁ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አልልም። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ደግሞም ትምህርት ቢሮ። ሰው ስታናግር ጥቁር ሰሌዳ ከኋላዋ ያለ ይመስላታል። እኔ ታዲያ ለልጄ ምን ልስጣት? አሰብኩና ንባቡን እኔ ነኝ የምሰጣት አልኩ። ለእኔ በልጅነቴ ማንም አልሰጠኝም፤ ስለዚህ የተሰጠው ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሌላውን እትዬ ትግዛ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት እሺ አለች። እሺ ማለቷን እዚህ ላይ እመዘግባለሁ፤ በኋላ ክዳዋለችና።

ልጅቷን ሰፈራችን ያለ ኬጂ አስገባናት። ወላጅ ሁሉ ልጁ ኤ ቢ ሲ ሲል መስማት ስለሚወድ እዚያ መጀመሪያ የሚያስተምሩት እሱን ነው፤ የአማርኛው ፊደል ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይቆያል። እኔ ደግሞ እስከዚያ አልጠብቅም አልኩ። የምግብ ጠረጴዛችንን ጥቁር ቀለም ቀባሁት፤ ጠመኔ አመጣሁ። ባለቤቴ ጠረጴዛዋን አይታ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። ከመንገድ ላይ ደግሞ የንባብ መጽሐፍ ገዛሁ። ሁለት ዓይነት ነበር፤ ሥዕል ያለውና የሌለው። የሌለውን መረጥኩ። ላም አይታ ላም የምትል ልጅ ሥዕሏን ነው የምታየው እንጂ እያነበበች አይደለም። ሽፋኑ ወዲያው ተገነጠለ፤ ውስጡ ፊደልና ፊደል ብቻ ነበር።

አቀማመጣችን እንዲህ ነው። እኔ በርጩማ ላይ በበሩ በኩል፣ እሷ ከጠረጴዛው ማዶ ሶፋው ላይ ተንበርክካ። መጀመሪያ ጎኔ አስቀምጫት ነበር፤ ክንዴን ትደገፍና እንቅልፏን ትለጥጠዋለች። ደግሞም የማታ ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ሰውዬ ፊት ለፊቴ ነበር የሚቆመው። አስተማሪ ማለት ፊት ለፊት የሚሆን ሰው ነው ብዬ ነው። መጽሐፉ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔ ካላየሁት ምኑን አስተምራታለሁ? ጣቴን እያስኬድኩ አነባለሁ፣ እሷ ትከተላለች። ጠመኔውን ስሰጣት እንደኔው አድርጋ ትጽፋለች፤ በእኔ በኩል ሲታይ ጽሑፏ ከጽሑፌ ያምራል።

የገና በዓል ሳይደርስ ልጅቷ አነበበች። እየተንተባተበች አይደለም፤ እንደ ውኃ። ባጃጇን ግቢ አስገብቼ በሩን ስከፍት መጽሐፉን ይዛ ትጠብቀኛለች። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ተሳፋሪ ሁሉ ሰምቷል፤ ከአቶቴ እስከ ፒያሳ ድረስ የልጄን ንባብ ሳይሰማ የወረደ የለም።

ጥምቀት አለፈና ኬጂው ፊደል ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ አስተማሪዋ ባለቤቴን አስጠራቻት። ልጅሽ ጤነኛ ናት ወይ ብላ ጠየቀቻት። የፊደል ገበታው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሌሎቹ ልጆች ይዘምራሉ፣ የእኛዋ ግን ዞር ብላ ወገቧን ታጥፍና በእግሮቿ መሐል ታየዋለች። በደብተር ስትጽፍ ከገጹ ግርጌ ከቀኝ ጥግ ጀምራ ወደ ግራ ትሄዳለች። አስተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቤት ውስጥ አረብኛ ነው ወይ የምታስተምሯት ብላ ጠየቀች።

ባለቤቴ ለእህቷ ነገረች። እትዬ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ልጄን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዛት ሄደች። ሐኪሙ ዓይኗ ምንም የለውም አለ፤ ካሮት አብሏት አለ። ካሮት በላች። ካሮት በልታም በእግሮቿ መሐል ማየቷን ቀጠለች።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ቤታችን መጥታ መጽሐፉን ልጅቷ ፊት አስቀመጠች። እስቲ አባትሽ ያስተማረሽን አሰሚኝ አለቻት። ልጅቷ መጽሐፉን አዞረችውና ገጹን ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። እትዬ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ልታጨበጭብ እጇን አነሳች። ከዚያ መጽሐፉን አየችው። መልሳ አቀናችው። ልጅቷ መልሳ አዞረችው። እትዬ ልጅቷን አየች፣ ሶፋውን አየች፣ ጥቁሩን ጠረጴዛ አየች፣ በርጩማው ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ገልብጠህ ነው እንዴ ያስተማርካት?»

«ልጅቷ አልተገለበጠችም» አልኳት። «ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው።»

«መጽሐፉ ተገልብጧላ!»

«በእኔ በኩል አልተገለበጠም፣ እትዬ።»

ይህን ስናገር ነገሩ ገባኝ። አልዋሽም፤ ጆሮዬ ድረስ ነው የሞቀኝ። ግን አንዴ ከተናገርኩ አልመለስም። ማንበብ ታነባለች ወይስ አታነብም ብዬ ጠየቅኋት። የከተማው ታፔላ ሁሉ ለእሷ ተብሎ ይገለበጥላት ወይ ብላ መለሰችልኝ። ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ ስትይዝ አየኋት፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል መግባት አለባት እኮ፣ እንዲህ ሆና ማን ይቀበላታል አለች።

ፍርዱ ያን ቀን እዚያው ተሰጠ። ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷን የምታስተምረው እትዬ ናት። እኔ እንኳንስ መጽሐፍ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ እንዳላነብላት ተከለከልኩ። ጠረጴዛው ላይ አበባ ያለው ፕላስቲክ ተነጠፈበት።

እትዬ ባለ ሥዕል የፊደል ገበታ ይዛ መጣች። ልጄ ላሟን አይታ ላም አለች፣ ዶሮዋን አይታ ዶሮ አለች። እትዬ ተገርማ ተመስገን ስትል፣ ሥዕሉን በእጅዎ ይሸፍኑት አልኳት። ሸፈነችው። ልጅቷ ዝም። ፊደሉን ልታዞረው ገበታውን ስትይዝ እጇን ተመታች። አባዬ ያስተምረኝ አለች። አባትሽ ያበላሸውን ነው የማስተካክለው አለቻት። እኔ ከክፍሉ እንድወጣ ተነገረኝ። ግቢ ውስጥ ባጃጄ ላይ ቁጭ ብዬ በመስኮቱ እሰማለሁ፤ እትዬ ሀ ስትል ልጄ ዝም፣ እትዬ ሁ ስትል ልጄ ዝም። ሲነጋም ሲመሽም እንዲህ ሆነ። ቀድሞ ስታነብ የነበረች ልጅ ማንበብ ተወች። መጽሐፉን ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች።

ጠዋት ጠዋት ኬጂ የማደርሳት እኔ ስለሆንኩ ይህችኛዋን ማንም አልነፈገኝም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከእሷ ጋር አንዲት ሴት ተሳፋሪ ከኋላ ጭኜ ስሄድ ሴትየዋ ጮኸች። ዞር ስል ልጄ ወንበሩ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ጭንቅላቷን ቁልቁል በባጃጇ ጎን አውጥታ የመንገዱን ታፔላ በተራ ታነባለች። የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ። የግንባታ ዕቃ መሸጫ። ሴትየዋ ልጅቷ የሚጥል በሽታ ያለባት መስሏት የክብሪት ጭስ ትፈልጋለች። እኔ ግን ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም። ከወር በላይ ዝም ያለች ልጅ ናት የምታነበው። ባጃጇን ቀስ አድርጌ ሌላም ታፔላ ባለበት በኩል ዞርኩላት።

የተሳፈረችው ሴት የእትዬ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበረች። ሀዋሳ እንዲህ ናት። በዚያው ምሳ ሰዓት በድብቅ አስተምረሃል ተባልኩ። ልጅቷን ወደ ኬጂ ማድረስም ተከለከልኩ።

እዚህ ላይ በቃኝ። ሽማግሌ ይቀመጥልኝ አልኩ።

ባለቤቴ በምን ጉዳይ ብለህ ነው የምትጠራቸው ብላ ጠየቀች። ሽማግሌ በመሬት ድንበር ይቀመጣል፣ በባልና ሚስት ጠብ ይቀመጣል፣ የሰው ውሻ የሰው በግ ሲነክስም ተቀምጦ አይተናል። በፊደል ጉዳይም ይቀመጥልኛላ አልኩ።

የሄድኩት ወደ እድራችን ዳኛ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። ለቤተሰባቸው በሲዳምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ፣ ለሁላችንም በቀስታ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወፍራም መነጽር አላቸው። እሁድ ከቸርች ሲመለሱ ዚፕ ያለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ነው። ነገሩን ሁሉ ሰሙኝ። አልሳቁም። የአባት መብት ነው፣ ከባድ ጉዳይ ነው አሉ። ለእሁድ ቀጠሩን።

እሁድ እትዬ ቀድማ መጥታ ዋናውን ሶፋ ያዘች። ለስላሳና ዳቦ ቀረበ። አባባ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔ በስተቀኛቸው በርጩማዬ ላይ፣ ልጅቷ ከማዶ። እትዬ ብዙ ተናገረች። የልጅ አእምሮ አለች፣ ዘዴ አለች፣ ባለሙያ አለች። ያልተማረ ሰው ልጅ ማስተማር የለበትም አለች። እኔ ተምሬአለሁ፣ ማስረጃም አለኝ አልኩ። ማስረጃህ የባጃጅ ነው አለችኝ። ባለቤቴ ዳቦውን አንሱ፣ አንሱ እያለች አስተናገደችን።

አባባ እጃቸውን አነሱ። ወሬ በቃ አሉ። ልጅቷን አሁን ላያት። ካነበበች አባቷ አልበደላትም፣ ያስተምራት፤ ካላነበበች አክስቷ ታስተምራት። ትምህርት ሲዘጋ ተመልሼ አይቼ የመጨረሻውን እናገራለሁ። መጽሐፉን አምጡልኝ።

ያንኑ ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ሰጠኋቸው። መጽሐፉ ቀንቶ ከፊቷ ከተቀመጠ አለቀልኝ። አባባ መሐሉን ገለጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው ገጹን በጥሞና አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሌላም ገጽ ገልጠው አዩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ልጅቷ አዙረው አቀረቡላት።

ልጄ አንዴ አየችውና ወንዝ ሆነች። ላሟ ሣር ጋጠች፣ ልጁ ውኃ ቀዳ፣ ዝናብ መጣ፣ በሩ ተዘጋ። ሳትቆም ሁለቱንም ገጽ ጨረሰች። ባለቤቴ አፏን ያዘች። እኔም በደስታ ልነሳ ስል መጽሐፉን አየሁት። ለእሷ ተገልብጦ ነበር የቀረበላት። አባባ ሲያዩት ሲነቀንቁ የቆዩትም ተገልብጦ ነው? አዎ፤ ለእሷ ሲያቀርቡ አዙረውላት ነበርና፣ ለእሷ የተገለበጠው መጀመሪያ ለእሳቸውም ተገልብጦ ነበር። ሥዕል የለው፣ ሽፋን የለው፤ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ የሚናገረው ፊደሉ ብቻ ነው። ፊደሉ ደግሞ ለአባባ አይናገርም።

ወዲያው ስንት ነገር በዓይኔ ዞረ። የእድር ስብሰባ ላይ ማስታወቂያ ሲመጣ ለጸሐፊው «አንተ አንብበው፣ ድምፄ ተዘግቷል» ሲሉ። ዚፑ ተከፍቶ ያላየሁት መጽሐፍ ቅዱስ። ያ ሁሉ ዘዴ የእኔው ዘዴ ነው፤ የእሳቸው ከእኔ የበለጠ ክብር ነበረው እንጂ።

እትዬ ከሶፋው ተነስታ ቀረበች። እስቲ መጽሐፉን ልየው አለች። አየችው። አፏ ተከፈተ። እኔ እሷን አየኋት፣ እሷ አባባን አየች። የእድሩ ዳኛ፣ በእሷ አባት ቀብር ላይ ድንኳን ያስተከሉ፣ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ፊታቸው ፈክቶ ልጄን ራሷን ይዳብሷታል። የእትዬ አፍ ተዘጋ። ተመልሳ ተቀመጠች።

እኔ አፌን የምይዝ ሰው አይደለሁም። በዚህ አፍ ደንበኛ አጥቻለሁ፣ ጓደኛ አጥቻለሁ። ያን ቀን ግን ያዝኩት። ስላሸነፍኩ ነው የሚል ካለ ይበል። አንድ ሰው በሰው ፊት ወረቀት ሲቀርብለት ሆዱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር እትዬ አታውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ለጊዜው ያስተምራት ተባለ። አባባ መርቀውን ሄዱ። እትዬ ወደ ውጭ ጠራችኝ፤ ባጃጇ አጠገብ ቆምን።

«አየህ አይደል?»

«አየሁ።»

«ልታወራ ነው?»

«እርስዎስ?»

«እኔ?» አለች። «እናቴ እኮ አሉ ገና። ማን ይቀብርልኛል?»

ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ከእትዬ ጋር አብሬ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ስትጨርስ ግን የሚያሳዝነኝን ነገር ተናገረች። አንተም አሸንፈሃል፣ ልጅቷ ግን ገና ናት፤ አንደኛ ክፍል የሚፈትኗት አባባ አይደሉም አለች። እውነቷን ነው። 

የዚያኑ ማታ ስምምነት አደረግን። የማስተምራት እኔ ነኝ፤ እትዬ ከጎን ተቀምጣ ታያለች፣ አትናገርም። አትናገርም የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ልጅቷን በአንድ ጊዜ ቀንቶ አንብቢ ብንላት አልጋ ሥር እንደምትገባ አይተናል። ይህን ያሰብኩት በጋሪዬ ነው፦ ጋሪ ከነፈረሱ ባለበት አይዞርም፤ ሰፊ ክብ ሠርቶ ነው የሚዞረው። መጽሐፉን በየቀኑ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አዞርኩት። መጀመሪያ ሰያፍ ሆነ። ልጅቷ አላስተዋለችም። እኔም በርጩማዬን አብሬ ወደ እሷ ጎን እየሳብኩ ጠረጴዛውን ዞርኩ። እትዬ በሌላ በኩል ትከተለናለች።

መጽሐፉ ድፍን ጎኑን የሆነበት ሳምንት ከሁሉም ከበደን። በዚያ በኩል ማንበብ የሚችል ፍጥረት የለም። ልጄ አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበረች፣ እኔም ሰበርኩ፣ እትዬም ሳታውቀው ሰበረች። ባለቤቴ ወጥ ይዛ ስትገባ ሦስታችንም እንደ ዶሮ አንገታችንን አጋድለን አገኘችን። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ጎረቤት ሄዳ እስኪበቃት ስቃ እንደተመለሰች በኋላ ሰማሁ።

አንድ ቀን እትዬ ቃሏን አፈረሰች። እንዲህ ሳይሆን እንዲህ በላት አለችኝ። ስምምነት አለን አልኳት። ጣትህን ቶሎ አታንሳው፣ ልጅቷ የምትከተለው ጣትህን ነው ማለቴ ነው አለች። ጣቴን ስትጠቅስ ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ጣቴን አቆየሁት። ልጅቷ አነበበች። እትዬን አላመሰገንኳትም፤ ግን ለስላሳ ገዛሁላት።

ግንቦት ሲያልቅ መጽሐፉ ቀንቶ ነበር። ልጄም ከጎኔ ተቀምጣ፣ ክንዴን ተደግፋ፣ ሳትተኛ ታነባለች። ጠመኔውንም ከላይ ከግራ ትጀምራለች። የቀረን አንድ ነገር ነው፦ አባባ ይመለሳሉ።

ይህን ስናስብ እኔና እትዬ እንቅልፍ አጣን። መጽሐፉን ደግመው ገልብጠው ቢሰጧትስ? ልጅ ናት፣ ያየችውን ትናገራለች። እትዬ ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጣ መከረቻት፦ አባባ እንዴት አድርገው ቢሰጡሽ ዝም ብለሽ አንብቢ። ተገልብጦም ቢሆን? ተገልብጦም ቢሆን። ደግነቱ የድሮው አልጠፋባትም፤ በሁለቱም በኩል ታነባለች። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ለአባባ ስሰጥ በትክክል ገልጬ፣ አቅንቼ፣ እጃቸው ላይ በክብር ላስቀምጥ ተዘጋጀሁ።

ኬጂው በተዘጋ ማግስት፣ እሁድ፣ አባባ መጡ። መጽሐፉን እንዳልኩት በትክክል ገልጬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ዘጉት። ከዚያ አዙረው ከሌላው በኩል ከፈቱት። እትዬ ዓይኗን ጨፈነች።

መጽሐፉ እንደ ባለፈው ዞሮ ልጄ ፊት ቀረበ። አየችው። ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ በድሮው ላንብብ ወይስ በአዲሱ?»

 ባለቤቴ እንኳ፣ ምንም የማታውቀው፣ የለስላሳውን ቆርኪ እንደያዘች ቀረች።

አባባ ጎንበስ አሉላት። «ድሮው የትኛው ነው፣ ሚጢዬ?»

«እንዲህ እርስዎ እንደያዙት።»

«አዲሱስ?»

ልጄ መጽሐፉን በእጃቸው ላይ እንዳለ አዞረችው። «እንዲህ።»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ገጹን ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ መሬቱን ነበር የማየው። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ነበር፤ እያንዳንዱን ስንጥቅ ዛሬ ድረስ አውቀዋለሁ።

«በአዲሱ አንብቢ» አሉ።

አነበበች። ጨረሰች። በድሮውም ድገሚው አሏት፤ መልሳ አዞረችና ደገመች። አባባ መጽሐፉን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይህች ልጅ ከሁለቱም ወገን ታነባለች» አሉ። «እዚህ ቤት ከሁለቱም ወገን የሚያነብ ሌላ ሰው አለ?»

 እትዬ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«እንግዲያው ያስተማራት ሰው አልበደላትም። አባቷ ያስተምራት። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ሰው እንዳይጠራኝ።»

መረቁን። እትዬ ከባለቤቴ ቀድማ አሜን አለች።

አባባን በባጃጅ ወደ ቤታቸው ወሰድኳቸው። ለወትሮው ከኋላ ሆነው መንገድ ላይ የሚያዩትን ሰው ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ ያን ቀን ማንንም ሰላም አላሉም። በራቸው ላይ ሳቆም ወዲያው አልወረዱም።

«አውቀህ ነበር?» አሉኝ።

«ምኑን፣ አባባ?»



«ጥሩ» አሉና ወረዱ።

ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ፤ ሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም.